ያልተሳለበት ደጃፍ

ይህ ነገር ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ፋሲካ አልፎ ዝናቡ አርባ ምንጭን ጭቃ በጭቃ ያደረገበት ሰሞን ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት የግቢዬን በር ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መሬት ነው። ይህን ልማድ ያወረሱኝ አንድ ህንዳዊ ሽማግሌ ናቸው።

እኔ ከጋሞ ተራራ፣ ካምባ ተወልጄ ያደግኩ፣ እዚህ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ስንቱን ልጅ ፊደል ያስቆጠርኩ ጡረተኛ መምህርት ነኝ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ቲቸር» ነው የሚለኝ። ባለቤቴ የሰሜን ሰው ነበር። ለመንግሥት ሥራ መጣ፣ እኔን አገባ፣ እዚሁ ቀረ፣ እዚሁም ተቀበረ። ልጆቼ አዲስ አበባ ስለሆኑ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና ሬዲዮኔ ነን።

ከአጥሬ ቀጥሎ ያለው ግቢ የእትዬ አልማዝ ነው። ከሴት ልጇ ከሕይወት ጋር የጓሮውን ቤት ይዛ፣ የፊቱን ቤት ራቪ ለሚባል ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምር ህንዳዊ አከራይታው ነበር። ራቪ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። አማርኛው «ደህና ነው» እና «ቀንስ» ከማለት ብዙም ስለማያልፍ ከእኔ ጋር በእንግሊዝኛ ነበር የምንግባባው። እናቱ ሲሞቱ አባቱ ገጠር ብቻቸውን ቀሩበትና ይዟቸው መጣ።

ሽማግሌው ገበሬ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። ከወገባቸው በታች ነጭ ጨርቅ ያገለድማሉ። ሰፈሩ «ጋቢያቸው ወርዶባቸው ነው» እያለ ሳቀባቸው፣ በኋላ ግን ለምዷቸው «አባባ» አላቸው። ከራሳቸው ቋንቋ በቀር አንድም አያውቁም።

እንደመጡ በራችን ላይ ያለውን ቦይ አዩ። እውነቴን ነው፣ ቦያችን ያሳፍራል። የጫት ገራባ፣ ፌስታል፣ የማንጎ ልጣጭ፣ ከላንቴ ሙዝ የሚያመጡት ሰዎች የሚጥሉት ኮባ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ዝናብ ሲጥል ተመልሶ ደጃችን ላይ ይተኛል። እኛም አፍንጫችንን ይዘን መንግሥትን እያማን እንሻገረዋለን።

አባባ መጥረጊያ አንስተው መጥረግ ጀመሩ። የራሳቸውን በር ጠርገው የእኔን፣ ከዚያ እስከ ባጃጅ ማዞሪያው ድረስ። ሰው ቆሞ ያያቸው ነበር። ገራባውን ከፊታቸው ወርውሮ የሚያልፍም ነበር። እሳቸው ቀና ብለው ያዩና ደግመው ይጠርጋሉ። እትዬ አልማዝ ደስ ብሏት «ከኪራዩ ጋር ጠራጊ ተመርቆልኝ!» አለች።

ራቪ ግን አልሳቀም። በአገራቸው የሰው ደጅ መጥረግ የተናቁ ሰዎች ሥራ እንደሆነ፣ አባቱ መሬት ያላቸው ገበሬ ስለሆኑ ዕድሜያቸውን ሙሉ መጥረጊያ ነክተው እንደማያውቁ ነገረኝ። ነገሩ ለእኔ አዲስ አልነበረም። እኛም ተራራው ላይ ሸክላ የሚሠራውንና ቆዳ የሚያለፋውን ስንንቅ ኖረናል። ሸክላው ላይ ግን እንበላለን።

እኔ ጠዋት ስወጣ «እንዴት አደሩ አባባ» እላለሁ። እሳቸው በራሳቸው ቋንቋ ረዘም አድርገው ይመልሳሉ። አንድ ቀን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ሳሮ» አልኳቸው። በእኛ በጋሞኛ ሰላምታ ነው። ከዚያ አልቆምኩም። ዝናቡን፣ ጉልበቴን፣ የልጆቼን አለመደወል፣ ሁሉንም በጋሞኛ ነገርኳቸው። መጥረጊያቸውን ተደግፈው ጨርሰው ሰሙኝ። ከዚያ ተራው የእሳቸው ሆነ። እንዲህ እያልን ከረምን። እኔ በራሴ፣ እሳቸው በራሳቸው። አንዳችን የሌላውን አንድ ቃል ሳናውቅ በደንብ ተጫውተናል ብል ማን ያምነኛል?

አንድ እሁድ ራቪ መሐላችን ገብቶ ሲያስተረጉም፣ «አባቴ፣ ያችኛዋን ቋንቋ ስትናገር ፊቷ ይለወጣል፣ ለምን ሁልጊዜ አትናገራትም ይላል» አለኝ።

«ከማን ጋር?» አልኩት።

ባለቤቴ እድሜ ልኩን ጋሞኛ አልለመደም። እኔ ነኝ የእሱን የለመድኩት። አማርኛዬ ላይ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ሳደርግ ከት ብሎ ይስቅብኝ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይወደኝ ነበር። ልጆቼንም በእሱ ቋንቋ አሳደግኩ።

ያልኩትን ራቪ ሲነግራቸው አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛም መንደር ለባለሥልጣን የምንናገረው ቋንቋ አለ፣ ለበሬዎቻችን የምንናገረው አለ። በባለሥልጣኑ ቋንቋ ያለቀሰ ሰው ግን አይቼ አላውቅም» አሉ። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

ከጥቂት ቀን በኋላ በሬን ስከፍት አባባ እትዬ አልማዝ በር ላይ ቁጢጥ ብለዋል። የተጠረገው መሬት ላይ ውሃ ረጭተው፣ ነጭ ዱቄት በጣቶቻቸው እየቆነጠሩ ነጥብ በነጥብ ያስቀምጣሉ፣ ነጥቦቹን ደግሞ በመስመር ያያይዛሉ። አበባ መሰለኝ። እጃቸው ስላልለመደው ጠማማ አበባ ነበር። እኔም አንዴ አማተብኩ።

ምክንያቱም በእኛ ሰፈር ሰው በሚረግጠው በር ላይ የፈሰሰ ነገር ለጤና አይደለም። አመድ ይሁን ጥሬ፣ ጠንቋይ ያዘዘው መተት ነው ተብሎ ሰው ዞሮ ነው የሚያልፈው። ያም ባይሆን እህል መሬት ላይ መድፋት ግፍ ነው።

ራቪን ጠየቅኩት። እናቱ በሕይወት ሳሉ በየማለዳው ደጁን ጠርገው እንዲህ በሩዝ ዱቄት ይስሉ ነበር። በአገራቸው የቤት እመቤት ሁሉ ታደርገዋለች። በዱቄት የሚሳለው ጉንዳን እንዲበላው ነው፣ የቤቱ ሰው ሳይቀምስ ሌላ ነፍስ እንድትቀምስ። መሬቱ ካልጸዳ ደግሞ አይሳልበትም። «አባቴ በሬዎቹን እየነዳ በላዩ ያልፍ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብሎ አላየውም። አሁን እናቴ የምትስለውን ለማስታወስ ነው የሚታገለው» አለኝ።

ያን ሁሉ ቆሻሻ የጠረጉት ለካ ለዚህ ነው። እኔ በዚያች በማላውቃት ሴት ቀናሁ። ዓይኔ እንባ እስኪሞላ ቀናሁ። የእኔ ባል ከእኔ ቋንቋ የሚያውቀው «ሳሮ»ን ብቻ ነበር፣ እሱንም ሲያሾፍብኝ ነው የሚላት። እኚህ ሰው ግን የሞተች ሚስታቸውን ሥራ ሀ ብለው ይማራሉ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ወፍጮ ቤት ሩዝ ማስፈጨታቸው ተወራ። «ሩዝ ይፈጫል? ለምን ይሆን?» ተባለ። እኔ ለእትዬ አልማዝ ነገሩን አስረዳኋት። «አይ፣ ለሚስት ከሆነስ ይሁን» ብላ በግማሽ አፏ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግን ስትወጣ ጥግ ጥጉን ነበር የምታልፈው።

ሕይወት ያኔ የመጀመሪያ ልጇን እርጉዝ ነበረች። ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለሚዞር ለመውለድ እናቷ ዘንድ ነበር ያረፈችው። አንድ ሌሊት አተኮሳት። ጠዋት ወደ ሐኪም ስትወጣ ራሷን ስላዞራት ሥዕሉን ረግጣው ሄደች። ሐኪሞቹ ወባ ነው አሉ። ልጁ ያለ ጊዜው ተወለደ። ጥቂት ተንፍሶ አለፈ። ወንድ ነበር።

ትኩሳቱ ከሥዕሉ ቀድሞ እንደነበረ ያሰበ ሰው አልነበረም። የሚታሰበው እግሯ ነበር፣ የረገጠችው ነጭ ነገር።

ልጁ በተቀበረ ማግስት ጠዋት ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። አባባ እንደ ልማዳቸው ጠርገው ሥዕሉን አጋምሰዋል። የሆነውን የነገራቸው ሰው የለም። ራቪ ሰሞኑን ለትምህርት ሥራ ከከተማ ወጥቶ ነበር። እትዬ አልማዝ በነጠላዋ ወገቧን ታጥቃ፣ ጸበል የያዘ ጄሪካን አንጠልጥላ ቆማለች። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ከኋላዋ ናቸው።

«ይኸው! ይኸው ልጄን የበላው!» ትላለች። ጸበሉን ሥዕሉ ላይ ደፋችው። ስታየኝ «ቲቸር! ለሚስታቸው ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አለችኝ።

አባባ የዱቄቱን ሳህን እንደያዙ እያዟዟሩ አዩን። ቁጣውን ሳይሆን እንባዋን ነበር የሚያዩት። ወደ እኔ ዞረው በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ምን እንዳሉ ገባኝ። ምን ሆነች ነው።

ክንዶቼን ሕፃን እንደታቀፈ ሰው አድርጌ አሳየኋቸው። ከዚያ ዝቅ ብዬ ክንዶቼን ወደ መሬት አወረድኩ።

ሳህኑን አስቀመጡት። ቁጢጥ አሉና የቀረውን ሥዕል በመዳፋቸው ማጥፋት ጀመሩ። ጸበሉ ያልነካውን ሁሉ፣ ዳር ላይ የቀረችውን ነጥብ ሳይቀር ጠረጉት። ጨርቃቸው ጭቃ ሆነ። ሲጨርሱ ተነሥተው ሁለት እጃቸውን አጋጥመው እትዬ አልማዝን እጅ ነሱ።

«አመኑ!» አለች አንዷ ሴት። «በገዛ እጃቸው አጠፉት! ከዚህ በላይ ምን ማመን አለ?»

እትዬ አልማዝ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። ሴቶቹ ደግፈው ወደ ግቢ አስገቧት። አባባ ብቻቸውን በሩ ላይ ቀሩ። እኔም ምን እንደማስብ አላውቅም ነበር።

ራቪ በማግስቱ ተመለሰ። ከአባቱ ጋር ብዙ ካወሩ በኋላ እኔ ጋ መጣ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ቲቸር፣ በእኛ አገር ሞት የገባበት ቤት ደጃፍ ላይ አይሳልም። ይጠረጋል፣ ግን ባዶውን ይተዋል። አላፊው ባዶውን አይቶ ሐዘን እንዳለ ያውቃል። አባቴ ልጁ መሞቱን እንዳወቀ ያጠፋው ለዚህ ነው። አንድ በር ነው የምንወጣበት፣ ሐዘኑም የእኛ ነው ብሎ ነው» አለኝ።

እንዳለሁ ተነሥቼ እትዬ አልማዝ ዘንድ ሄድኩ። ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ሴቶቹ «ላያስችል አይሰጥም» እያሏት ነበር። ጆሮዋ ሥር ተጠግቼ ሁሉንም ነገርኳት።

«ቲቸር» አለችኝ ፊቷን ሳታዞር። «የልጅ ልጄን አፈር ያለበስኩ ሰው ነኝ። የህንድ ተረት አትንገሪኝ።»

ቤቱን እንዲለቁ ተነገራቸው። የሄዱ ዕለት አባባ ማልደው ተነሥተው ደጁን ጠረጉ። የእሷን፣ የእኔን፣ ቦዩንም። ምንም አልሳሉም። መጥረጊያውን እኔ አጥር ላይ አስደግፈው «ሳሮ» አሉኝ። አነጋገራቸው ልክ እንደ እናቴ ነበር።

የከተማችን ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ ፎቅ ላይ ተከራይተው ገቡ። አንድ ጊዜ ሄጄ ጠየቅኳቸው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሐይቁን ያያሉ። በራቸው ላይ ሥዕል አልነበረም። ሲሚንቶ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር። ራቪ ግን «አይደለም። ሐዘኑ መቼ እንደሚያልቅ የሚነግረው ሰው እየጠበቀ ነው። ልጅቷ እህል ቀመሰች ወይ ይልሻል» አለኝ። ከሕይወት ቤት ተልኬ የመጣሁ መስሏቸው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ቀምሳለች አልኩ። ሐዘኑ አልቋል ለማለት ግን አፌ አልታዘዘኝም፣ የእኔ አልነበረማ።

ክረምት ሲገባ አገሬ ልግባ አሉና ሄዱ። መስቀል ሳይደርስ ራቪ ደወለልኝ። አባባ አርፈዋል።

እትዬ አልማዝ ጋ ሄድኩ። ልወቅሳት አልነበረም፣ ጎረቤት ሲሞት ለጎረቤት ይነገራል። ቦሎቄ እየለቀመች ነበር። ነገርኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ያን ቀን ያልሽኝ…» አለች። «ለልጃችን ብለው ነው ያጠፉት ያልሽኝ… እውነት ነበር?»

«እውነት ነው።»

ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገችው።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት መሬቱን አየሁ። ከእሷ በር እስከ እኔ በር፣ ቦዩም ጭምር፣ ተጠርጓል። ውሃ ተረጭቶበታል። የመጥረጊያው መስመር ገና እርጥብ ነው። እትዬ አልማዝ በሯ ላይ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ። መሬቱ ላይ ምንም የለም። ባዶውን ትታዋለች።

እዚያው በሬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባሌ ሲሞት ወገኖቹ እንዲሰሙኝ ብዬ በአማርኛ ነበር ያለቀስኩት። ያን ቀን ግን ስማቸውን የማላውቃቸውን ሽማግሌ፣ ያንን ስም እንኳ ያልወጣለትን ሕፃን፣ ባሌንም ጨምሬ፣ ሁሉንም በጋሞኛ አለቀስኳቸው። እትዬ አልማዝ ቋንቋው አይገባትም። መጥረጊያዋን ጥላ አጠገቤ ተቀመጠች።

ዛሬም አንዳንድ ቀን እሷ፣ አንዳንድ ቀን እኔ እንጠርጋለን። ሰው አሁንም ገራባውን ይጥላል። እኔ ጠርጌ ስጨርስ ወደ ባዶው መሬት «ሳሮ» እላለሁ። የሚመልስልኝ የለም። ቢሆንም ሳልል አልገባም።