በነጭ አቡጀዲ የጠቀለልኳት ታንኳ

እንግሊዝኛውንም አስጎብኝነቱንም የተማርኩት ከስልኬ ነው። ባለፈው ጥቅምት የመጀመሪያ እንግዳዬን ይዤ ከደባርቅ ወጣሁ። ፈረንጁ የመጣው በመካነ ብርሃን አቅጣጫ ባለ ወንዝ ላይ በታንኳ ሊንሸራተት ነው። የዚያ መንገድ አቧራ አይጣል ነው! ስለዚህ ረጅሟን ታንኳ በነጭ አቡጀዲ ጥቅልል አድርጌ መኪናው ጣሪያ ላይ አሰርኳት። በብልሃቴ ኮራሁ።

አንድ መንደር ስንደርስ አጫጁ ሁሉ ማጭዱን እየጣለ ወደ መንገዱ ሮጠ። ሴቶቹ ጮኹ፤ ወንዶቹ ደረታቸውን መቱ።

«ምን ሆነው ነው?» አለኝ እንግዳዬ።

እኔ ደግሞ አላውቅም ማለት አልወድም። «የእንግዳ መቀበያ ዜማችን ነው» ብዬ ከነታሪኩ አስረዳሁት። ሰውዬው ደስ ብሎት ከመኪናው ወረደና እስክስታውን አቀለጠው።

አንድ አዛውንት ዱላቸውን አነሡ። «ሬሳ ፊት ይጨፈራል እንዴ? ይኼ ሰው ለሟቹ ምኑ ነው?»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እንግዳዬ ሊደበደብብኝ ነው!

«ወንድሙ ነው አባቴ፤ ሐዘኑ አዙሮበት ነው» አልኩ።

«እኔን ልጄ!» ብለው ዱላውን ጥለው አቀፉት። አራት ጎልማሶች ታንኳዋን ከጣሪያው ፈትተው ሊሸከሙ ብድግ ሲያደርጓት አንደኛው አገሩን በጩኸት አናወጠው፦

«ወይኔ! ምነው እንዲህ ቀለለ? በሽታው ጨርሶት ኖሯል!»