የጠፋው አንደኛ

የሰፈሩን እግር ኳስ ሊግ ድረ ገጽ የምትሠራው የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። ኮድ መጻፍ የተማረችው በምሳ ሰዓት፣ ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች ነው። ሰፈሩ «ኢንጂነሯ» ይላታል፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ሲያሾፍባት።

ቅዳሜ ጠዋት ገጹን ለቀቀችው። የጨዋታዎቹ ውጤት ዳታቤዝ ውስጥ አለ፤ ገጹ ሲከፈት ቡድኖቹን በነጥባቸው ቅደም ተከተል ጠይቆ ያመጣና በሠንጠረዥ ይደረድራቸዋል። ብዙም ሳይቆይ ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን ወደ ፊት ዘርግቶ ክሊኒኩ ገባ። እሱ የሚያሠለጥነው ቡድን የሊጉ መሪ ነው፤ ሠንጠረዡ ላይ ግን የለም። አንደኛ ሆኖ የተቀመጠው ባሏ የሚያሠለጥነው ቡድን ነው።

«እህቴ፣ ባልሽን መውደድ መብትሽ ነው። ግን ሜዳ ላይ ያቃተውን አንቺ በኮምፒውተር ልትሰጪው ነው?»

ጉንጩን ይዞ ተራ የሚጠብቀው ታካሚ ሳይቀር ሳቀ። እሷ ምንም እንዳልነካች ብትምልም አልሰማትም። እስከ ማታ ካልተስተካከለ ቡድኑ ነገ ሜዳ እንደማይወጣ፣ ገጹም ለሌላ ሰው እንዲሰጥ የሊጉን ኮሚቴ እንደሚጠይቅ ነግሯት ወጣ። ባሏም ደወለ፤ ሠንጠረዡን ፎቶ አንስቶ ለእናቱ ስለላከ ለአንድ ቀን ብቻ እንዳትነካው ለመናት። ዘጋችበት።

ዳታቤዙን ከፈተች። የፀጉር አስተካካዩ ቡድን ከነነጥቡ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ ችግሩ ማሳየቱ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉን ገለበጠችው፤ ከመጨረሻው ወደ አንደኛው። መሪው ከታች ብቅ አለ፤ አሁን ደግሞ የሊጉ ጭራ፣ የዳቦ ጋጋሪዎቹ ቡድን ጠፋ። ማንም ይሁን ማን፣ ቀድሞ የመጣው ይጠፋል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ስህተቱን ማግኘት አላስቸገራትም። ኮዷ ውጤት መኖሩን ለማረጋገጥ የመጀመሪያውን ረድፍ ያነሳል፤ ያነሳውን ግን ሳያሳይ ከሁለተኛው ጀምሮ ይደረድራል። ያነሳውንም እንዲያሳይ አድርጋ አስተካከለችውና ቅደም ተከተሉን መለሰች።

የፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ድረስ ሄዳ አሳየችው። ደንበኛውን ግማሽ ተላጭቶ እንደተቀመጠ ትቶ፣ ሠንጠረዡን በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«ባልሽ ምን አለ?»

«ኩርፊያ ላይ ነው።»

«እንግዲያው እውነትሽን ነው» አለና ነገ እንደሚጫወቱ ነገራት።

ወደ ክሊኒኩ ስትመለስ ስልኳ ጮኸ። ገጹ ተገልብጦ በነበረባት ደቂቃ ከፍቶ ያየው የዳቦ ጋጋሪዎቹ አምበል ነበር።

«ኢንጂነሯ፣ የቅድሙ ይሻል ነበር» አላት። «እባክሽ መልሺልን።»