አሥረኛው ቀዳዳ

ኃይለመለኮት ጠመንጃ ይሰበስባል ሲባል የሰማ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቤቱ ገብቶ ሲያያቸው ደግሞ ይስቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለችው ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንቱ፣ ከወለሉ ጋር በብሎን በታሰረ የብረት ካዝና ውስጥ፣ አሥራ ሁለት ቀጫጭን ያረጁ ጠመንጃዎች ቆመዋል። ከሰማንያና ከዘጠና ዓመት በፊት የአሜሪካ ገበሬ ጥንቸልና ሽኮኮ ያድንባቸው የነበሩ ናቸው። ጥይታቸው ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። የሌላ ጠመንጃ መርፌ የጥይቱን ቂጥ መሀል ለመሀል ሲመታ የእነዚህ ግን ጠርዙን ነው የሚመታው። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለሃ ሁሉ ጠርዙ ላይ እንደ ጥርስ ንክሻ ያለች ጎድጓዳ ምልክት ይዞ ይቀራል።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ቁጥር የሌላቸውን ነበር። በዚያ ዘመን ርካሽ ጠመንጃ ላይ ቁጥር መምታት ግዴታ ስላልነበረ፣ ብዙዎቹ የተወለዱበት ቀን እንደማይታወቅ ሰው ናቸው። እሱ ለእያንዳንዳቸው ቁጥር ሰጥቶ፣ ብረቱን ሳይነካ በካርቶን ቁራጭ ጽፎ በሲባጎ አንገታቸው ላይ ያስራል። ለእያንዳንዳቸውም አንድ ካርድ አለ፤ ከማን እንደተገዛ፣ በየትኛው ቀን ስንት እንደተተኮሰበት፣ ስንቱ እንደከሸፈ። የኢላማውም ወረቀት ታጥፎ ከካርዱ ኋላ ይያያዛል።

ይህ ጠባይ ከሥራው የመጣ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቶ፣ ስድስት ዓመት በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቷል። በዲቪ ወደ አሜሪካ ሲመጣ ሁለት ዓመት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ቆረጠ፤ ከዚያ በአንድ ሆስፒታል የሕሙማን መዝገብ ክፍል ገባና ይኸው አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ሌሎች ጠፋ ያሉትን ፋይል እሱ ያገኘዋል። ከፍርድ ቤት ይዞት የመጣ አንድ ሕግ ነበረው፤ ስህተት አይፋቅም። በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ከመስመሩ ሥር ያለው እንዲነበብ ሆኖ። ከጎኑ ቀን፣ ምክንያትና ፊርማ ይቀመጣል።

ሚስት አላገባም። የቅርብ ሰው ቢባል ታናሽ ወንድሙ አሥራት ነበር። በእሱ ማመልከቻ ብዙ ዓመት ጠብቆ የመጣው አሥራት፣ አሌክሳንድሪያ ከሚስቱ ከትህትና ጋር ይኖራል፤ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል። የጠመንጃውን ነገር መጀመሪያ እንደ እብደት ነበር ያየው። በኋላ እሱም ወደደው፤ በወር አንድ ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ አለፍ ብሎ ወዳለ አንድ የተኩስ ሜዳ አብረው ይሄዱ ጀመር።

ኃይለመለኮት ያስተማረው በዝግታና በሥርዓት ነው። ከሥርዓቱ አንዱ ይህ ነበር፦ የእነዚህ ጠመንጃዎች ምላጭ በባዶ ከተሳበ መርፌው ጥይቱ የሚቀመጥበትን ቤት ከንፈር እየመታ ያበላሸዋል። ስለዚህ የመጨረሻው የተተኮሰ ቀለሃ ከውስጥ አይወጣም፤ እዚያው ይቀራል። መቀርቀሪያውን ከፈት አድርጎ ምልክቱን አይቶ ይዘጋል፤ ከኋላ ያለችውን፣ መርፌውን የምትወጥረውን ጉብ ያለች መጎተቻ በሁለት ጣት ይዞ ቀስ አድርጎ ይመልሳታል። ቤት ውስጥ ጣቱን ማለማመድ የሚፈልግ ሰው በዚያ ቀለሃ ላይ ምላጩን ሊስብ ይችላል። ብቻ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ቀለሃውን በጥፍሩ ትንሽ ማዞር አለበት፤ መርፌው ሁልጊዜ ያልተመታ ጠርዝ እንዲያገኝ።

የሜዳው ጠባቂ እንኳ ይህን ልማዱን ስለሚያውቅ፣ ሲወጣ ቀለሃው ላይ ያለችውን ምልክት አየት አድርጎ ያሳልፈው ነበር።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ቁጥር ሰባትን ይዘው ሄዱ። አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ፣ ሰደፏ የተሰነጠቀ፣ መጎተቻዋ ጠንካራ የሆነ ጠመንጃ ናት። ኃይለመለኮት ከአንድ አሮጌ ፓኮ ሃምሳ ጥይት ቆጥሮ፣ አምስት ክብ ባለው ወረቀት ላይ በየክቡ አሥር አሥር ተኮሰ። አጠገባቸው አንድ ሰው ምድር የሚያንቀጠቅጥ ትልቅ ጠመንጃ ይተኩስ ነበር። ጆሮ መሸፈኛ አድርገውም ቢሆን የራስን ተኩስ ለመስማት ያስቸግራል።

ወረቀቱን ሲያወርዱ አሥራት ወደ ፀሐይ ገልብጦ ያዘው።

«ጋሼ፣ የመጨረሻዋ ክብ ዘጠኝ ናት። አሥረኛዋን ለማን ሰጠሃት?»

«በአንዱ ቀዳዳ ደግማ ገብታለች።»

«አይ! እኔ ስስት ሳተ ይባላል፣ አንተ ስትስት በቀዳዳ ገባ።»

«አንተ መጀመሪያ የራስህን ኢላማ ምታ። ባለፈው የጎረቤትህን ወረቀት ነው ወንፊት ያደረግኸው።»

«ጎረቤቴ ግን አመስግኖኛል» አለና አሥራት ሳቀ። «በል ጻፈው። የአንተ መዝገብ እንደሁ ወንጌል ነው።»

ኃይለመለኮትም ካርዱን አውጥቶ «የተተኮሰ ሃምሳ፣ የከሸፈ የለም» ብሎ ጻፈ። በኢላማው ወረቀት ላይም ከመጨረሻዋ ክብ ጎን «አሥር» ብሎ አሰፈረ። መቀርቀሪያውን ከፈት አደረገ፤ ጠርዙ ላይ ምልክቷን አየ፤ ዘጋው።

«ለሚቀጥለው ወር እጄን ላፍታታባት» ብሎ አሥራት ቁጥር ሰባትን ይዞ ሄደ።

ሐሙስ ማታ ትህትና ከምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ስትመለስ ምድር ቤት አገኘችው። ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ነበር። ሰደፉ በጫማዎቹ መሀል፣ አፈሙዙ ደረቱ ላይ።

ፖሊሱ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጣ። ጠመንጃው የማን እንደሆነ፣ ሲሰጠው ጥይት እንደነበረበት ጠየቀ። ኃይለመለኮት እንባውን በመሐረብ እየጠረገ ባዶ ቀለሃ ብቻ እንደነበረበት ተናገረ። እርግጠኛ ነህ ወይ ሲለው ተነሥቶ ካርዱን አመጣለት። ፖሊሱ ካርዱን አገላብጦ ፎቶ አነሣው፤ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም አለ። አሥራት ቤት ውስጥ አንድም ሌላ ጥይት ስላልተገኘ፣ አንዲቷን ከሌላ ቦታ ፈልጎ አምጥቶ አጉርሷል ማለት ነበር። ፋይሉ ራሱን እንደ ገደለ ተጽፎ ተዘጋ።

ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም። ቄሱ ራሳቸው እያለቀሱ ነው እንቢ ያሉት። አሥራት ጸሎት ሳይደረግለት ተቀበረ። ለቅሶ ቤቱ ሦስት ቀን ሞላ፣ ግን ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው፤ ትህትና ወደ ክፍሉ ስትገባም ወሬው ይቋረጣል። አርባው ዝም ተብሎ አለፈ። አንዷ ሴትዮ ላንግሊ ፓርክ አውቶቡስ ላይ ለሌላዋ «የቤታቸውን ጉድ ማን ያውቃል» ስትል ትህትና ከኋላቸው ተቀምጣ ሰምታለች።

አሥራ አንድ ወር አለፈ። ኃይለመለኮት ከዚያ ወዲህ ካዝናውን አልከፈተም። በመስከረም ከፖሊስ ደብዳቤ መጣ፤ ቁጥር ሰባት ትመለስልህ ወይስ ትወገድ የሚል። ትወገድ ብሎ ፈረመ። የተወገደ ነገር ካርዱ መዘጋት ስላለበት አንድ እሑድ ከሰዓት ካርዱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከኋላው የተያያዘውን የኢላማ ወረቀት ፈታ፤ ከመዝጋቱ በፊት እያንዳንዱን አባሪ ማየት ልማዱ ነው።

የመጨረሻዋን ክብ ቆጠረ። ዘጠኝ። በማጉያ መስተዋት ቆጠረ። ሁለት ጥይት ያለፈበት ቀዳዳ የቱንም ያህል ቢገጥም ጠርዙ ሰፋ ይላል፤ ሞላላ ይሆናል። ዘጠኙም እንደ ሳንቲም የተስተካከሉ ክብ ነበሩ። ከክቧ ውጭም፣ ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሌላ ቀዳዳ የለም።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ተራ በተራ መጣለት። ባረጀ ጥይት ውስጥ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ቅመም በጠርዙ ዙሪያ እኩል አይደርስም፤ መርፌው ባዶውን ቦታ ከመታ ይከሽፋል። የከሸፈም ጥይት ያው ምልክት ይወጣበታል። አሥረኛዋ ከሽፋለች። አጠገቡ ይተኮስ በነበረው ትልቅ ጠመንጃ ጩኸት ምክንያት የእሱ ጠመንጃ አለመጮኹን አልሰማም። ከፈት ሲያደርግ ምልክቷን አየ፤ እርሳሷ ግን ገና ከቀለሃው ጫፍ ሳይወጣ ውስጥ ነበር፣ አይታይም። ወንድሙ ደግሞ ምድር ቤት ተቀምጦ እንደ ተማረው አደረገ። ጥይቷን ቀለሃ መስላው በጥፍሩ አዞራት። ጠንካራውን መጎተቻ ለመሳብ ሰደፉን በጫማዎቹ መሀል አጣብቆ ሲታገል መጎተቻው ከጣቱ አመለጠው። መርፌው ያልተመታውን ጠርዝ አገኘ።

ብዕሩን አነሣ፤ «አሥር» የሚለውን ሊሰርዝ። የምክንያቱ ቦታ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚጽፍ አጣ፤ ብዕሩን አስቀመጠው። ማንም አያውቅም። ዝም ቢል የአንድ ሙት ስም እንደ ረከሰ ይቀራል፤ ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም። ወረቀቱን መቅደድም ይችል ነበር። ይህን ማሰቡን ራሱ ሲያውቀው ከወንበሩ ተነሣ። ካርዱንና ወረቀቱን በፖስታ አድርጎ ባቡር ተሳፈረ።

ትህትና ከሥራ ገና መግባቷ ነበር፤ የደንብ ልብሷን አላወለቀችም።

«ጋሼ፣ ኮል ሳያደርጉ መጡ። ደኅና ነዎት? ይቀመጡ እስቲ።»

አልተቀመጠም። ወረቀቱን ማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋላት።

«ይቺን የመጨረሻዋን ክብ ቁጠሪልኝ።»

ጣቷን እያሳረፈች ቆጠረች። «ዘጠኝ።»

«እኔ አሥር ብዬ ጽፌያለሁ።» ከዚያ የቀረውን ነገራት። በተማሪ ቤት እንደሚያስረዳ ሰው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ድምፁ ሳይለወጥ። ድምፁ ቢለወጥ እንደማይጨርሰው ያውቃል።

ትህትና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ፖሊሱ ሲጠይቅዎ ምን ነበር ያሉት?»

«ባዶ ቀለሃ ነበረበት አልኩ።»

«እርግጠኛ ነህ ወይ ሲልዎስ?»

«ሁሉን እጽፋለሁ ብዬ ካርዱን አመጣሁለት።»

ራሷን ነቀነቀች። «ያን ሐሙስ ጠዋት» አለች፣ ወደ ዕቃ ማጠቢያው እያየች፣ «የበላህበትን ሳህን ለምን አታነሣም ብዬ ተቆጥቼው ነው የወጣሁት። ዛሬ ድረስ፣ ጋሼ፣ ሳህን ባነሣሁ ቁጥር በዚያ ይሆን እንዴ እላለሁ። አሥራ አንድ ወር ሳህን ሳነሣ።»

ኃይለመለኮት የተዘረጋውን ወረቀት ማጠፍ ጀመረ።

«ይጻፉት» አለች።

«ምኑን?»

«ይኼንን። ለቄሱ በአማርኛ፣ ለፖሊስ በእንግሊዝኛ። መጻፍ ያውቁበታል አይደል?»

ወረቀት አመጣችለት። ከፊቱ ተቀምጣ ጠበቀችው። ሲጨርስ ወሰደችና በዝግታ አነበበች።

«ለምን አሥር ብለው እንደ ጻፉ የለበትም።»

ከታች ጨመረ፦ «ስላልቆጠርኩ።»

«እዚህ ላይ ደግሞ 'ምናልባት ጥይቱ ከሽፎ' ብለዋል። ምናልባቱን ያውጡት።»

«ትህትና፣ እኔ እዚያ አልነበርኩም። በሥርዓቱ ከሆነ...»

«ያኔም አልነበሩም» አለች። «ያኔ ምናልባት አላሉም።»

በቃሉ ላይ አንድ መስመር አሰመረ። ከጎኑ ቀኑን ጻፈ፤ ፈረመ። ፖስታውን ከነካርዱና ከነኢላማው ወሰደችው። በር ድረስ ሸኘችው፤ ሲወጣ ግን እንደ ወትሮው ትከሻው ላይ ለመሳም አላጎነበሰችም።

ፖሊስ ፋይሉን ከፍቶ አደጋ ብሎ ለመዝጋት አምስት ሳምንት ፈጀበት። ቄሱ ግን አልጠበቁም፤ ሙት ዓመቱ ከመድረሱ በፊት ሁለት ዲያቆናት ይዘው መቃብሩ ድረስ ሄደው ፍትሐቱን አደረሱለት። ነገሩ በአንድ ሳምንት ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ተዳርሶ ስለነበር ለቅሶ ላይ ያልመጣው ሰው ሁሉ መጣ። አሁን ድምፅ ዝቅ የሚለው ኃይለመለኮት ሲያልፍ ነበር።

ማንም አልጠራውም፤ ቀኑን ከቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያ ላይ አይቶ ነው የሄደው። ከሰዉ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ዛፍ ሥር ቆመ። ዲያቆኑ የወንድሙን የክርስትና ስም ሲጠራ ሰማ። ጸሎቱ ሲያልቅ ሰዉ እየተሰለፈ ትህትናን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላት ጀመር። እሱ ወደ ሰልፉ አልተጠጋም።

ወደ መኪናው ስትሄድ በአጠገቡ ማለፍ ነበረባት። ደረሰች፤ ቆመች። ፊቱን አላየችም።

«ነጠላዎ መሬት ይጎትታል» አለችና አለፈች።

ጎንበስ ብሎ ሰበሰበው። ጫፉ ጭቃ ነክቶት ነበር።