ወንዝ የወሰደው ኑዛዜ

ጁኑማ መንደሯን ስታነሳ ዓይኗ ወደ ውኃው ይሄዳል። የብራህማፑትራ ወንዝ ነዋ የበላው! ቤቱም፣ ሸማ የምትሠራበት በረንዳም፣ አባቷ ፎኒዶር ደጅ ተቀምጦ የሚያንጎራጉርበት ምሽትም አብረው ሄዱ።

ፎኒዶር የሥጋ አባቷ አልነበረም። ወላጆቿ በወባ ሲሞቱ አንስቶ ጸጉሯን ራሱ እያበጠረ ያሳደጋት ብቸኛ ሰው ነው። ሊሞት ሲል የሙዝ እርሻውን በኑዛዜ ሰጣት። እሱ በሞተ በዓመቱ ወንዙ ዳርቻውን ናደና ቤቱን ከነሣጥኑ፣ ሣጥኑን ከነኑዛዜው ወሰደው። እርሻው ግን ከፍታ ላይ ስለነበር ተረፈ።

ይሄኔ የፎኒዶር የወንድም ልጅ ቢፑል እርሻው በውርስ የኔ ነው ብሎ ከከተማ ከች አለ።

«ወረቀቱን አሳዪኝና ልሂድልሽ» አላት እየሳቀ።

«ሄደህ ወንዙን ጠይቀው!»

ከሰሳት።

ፍርድ ቤት የቢፑል ጠበቃ «ዋናው ሰነድ የታለ?» ብሎ ሙጭጭ አለ። ዳኛዋ ግን በመጀመሪያ የመንደሩን ሰዎች ሰሙ፤ ሣጥኑ በጁኑማ ጥፋት ሳይሆን በወንዙ መጥፋቱን አረጋገጡ። «እንግዲህ ኑዛዜውን በዓይኑ ያነበበ ሰው ካለ ይናገር» አሉ።

ጎረቤቷ ማሎቲ ብድግ አሉ። «እኔ አለሁ! ሲነበብ ሰምቻለሁ።»

«እማማ፣ እርስዎ ራስዎ አንብበውታል?»

«እኔ ፊደል የት አውቄ!»

«እንደሱ ከሆነ አይሆንም፤ ይቀመጡ።»

«ጆሮዬ ምን አጠፋ?» እያሉ ተቀመጡ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ቀጥሎ ኑዛዜውን የጻፉትና በምስክርነት የፈረሙት ሽማግሌው ጀልበኛ ቶንኬሽዋር ቀረቡ። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ «‹ጁኑማን አልወለድኳትም፤ ቤቴን ቤት ያደረገችው ግን እሷ ናት። እርሻዬ የልጄ ነው› ይላል» አሉ።

ጁኑማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አባቷ በሰው አፍ ሲናገር የሰማች መሰላት። በዚያ ቀን ስለ እርሻው ማሰብ አልቻለችም። ከወር በኋላ ተፈረደላት።

ከፍርዱ ሲመለሱ ጀልባው ላይ ሽማግሌው ጠጋ አሏት።

«እዚያ ያልተናገርኩት አለ። መጀመሪያ ስምሽን አሳስቼ ጽፌው ነበር። አባትሽ ‹ልጄን ቀየርክብኝ!› ብሎ ጮኸብኝና እንደ አዲስ አስገለበጠኝ።»

ጁኑማ ከት ብላ ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ።

«ጋሼ፣ እስቲ ሲቆጣ እንዴት እንደነበር ያሳዩኝ።»