ማግኔት የሚስበው ቢላዋ

እትዬ ማሚቱ ከገደብ በአውቶቡስ መጥተው ዲላ ባለው የቤት ዕቃ ሱቄ ባንኮኒ ላይ ሁለት ነገር አስቀመጡ፤ ጠቆር ያለ ቆጮና ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ቢላዋ።

"እየውማ፣ ስለቱ ጥሩ ነው። ግን ቆጮውን ስከትፍበት ይዝግና ያጠቁርብኛል። የልጄ ሠርግ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ለአማቾቼ ይሄን ላቅርብ?"

"የማይዝግም የማይደነዝዝም አመጣልዎታለሁ" አልኩ። ቃል በመግባት እኔን የሚያህል የለም።

ዕቃ የምመርጠው በማግኔት ነው። ማግኔት የሚስበው ይዝጋል፣ የማይስበው አይዝግም፤ ይህን ያልኩት በሙሉ እርግጠኝነት ነው። ስለዚህ ማግኔቱ የያዛቸውን ቢላዋዎች "ውሸት ናቸው" ብዬ ካርቶን ውስጥ ወረወርኩ፤ ያልያዘውን በኩራት ሸጥኩላቸው።

በሳምንቱ ተመለሱ። "አንተ ነጅሙዲን፣ ይሄ ቢላዋ ነው ማንኪያ? አልዛገም፤ ግን የቆጮውን ቃጫ ሦስቴ ሲነካ ደነዘዘ!"

ዲላ ዩኒቨርሲቲ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ ለምትሠራው ደንበኛዬ ለሸዋአለም ነገርኳት። ሳቋን ስትጨርስ "ጋሼ፣ ማግኔትዎ እውነትም የማንኪያ ብረት ነው የመረጠልዎ" አለች።

ከዚያ ያስረዳችኝን እስከ ዛሬ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አስቁሜ እነግራለሁ። ዝገትን የሚከላከለው ክሮም ነው። ለስለት ግን ካርቦንም ያስፈልጋል። ብረቱ በጣም ግሎ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ፣ ካርቦኑ በሩ ድንገት እንደተዘጋበት የገደብ አውቶቡስ ተሳፋሪ ብረቱ ውስጥ ተጨናንቆ ይቀራል፤ ጥንካሬው ከዚህ ይመጣል። ከዚያ እንዳይሰበር በመጠኑ ይሞቃል። የዚህ ዓይነቱ የማይዝግ ብረት ስም ማርቴንሲቲክ ነው። ማግኔትም ይስበዋል!

ሮጬ ካርቶኑን ገለበጥኩ። እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን አንዱን ይበልጥ ልሳለው ብዬ በኤሌክትሪክ መሳያ ላይ ጫንኩት። ጠርዙ ሰማያዊ ሆነ። አምሮኝ ለሸዋአለም ፎቶውን ላክሁላት።

"አቃጠሉት" ብላ መለሰች። "ሙቀቱ ጥንካሬውን አጠፋው።"

ሠርጉ እሑድ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ። ሁለተኛውን ቢላዋ በውሃ በራሰ ድንጋይ ላይ በእጄ እየሳልኩ ነው፤ ጠንካራ ብረት ለመሳልም እንደሚያስቸግር ጣቶቼ አውቀዋል። አጠገቤ የእንሰት ቃጫ ከምሬያለሁ። መቶ ጊዜ ቆርጦ አለመደንዘዙን ሳላይ ለእትዬ ማሚቱ አልደውልም። ሠላሳ አራት ደርሻለሁ።