በቱቦው ቀን የተጠጣ ጸበል

ባለፈው ጥር፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ። አክስቴ ሆዷ ላይ የመመገቢያ ቱቦ ሊገባላት ሃያ ደቂቃ ሲቀር ሕክምናው ቆመ። ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በጋዜጠኝነት ሰው ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ ያን ጠዋት ግን መጀመሪያ የጠየቅሁት ጥያቄ ስህተት ስለነበር ቀኑን አልረሳውም።

እቴቴ የምላት የአባቴ ታናሽ እህት ናት። የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር አለባት። ከገና ወዲህ አጥሚት እንኳ አልወርድ ብሏት ከስታ ነበር። ሐኪሞቿ በዚህ ድካሟ ኬሞ አንጀምርላትም አሉ። መጀመሪያ ሰውነቷ ምግብ ማግኘት ነበረበት። የቀረው መንገድ ሆዷ ሳይቀደድ፣ በምስል እየታየ፣ በትንሽ ቀዳዳ ቀጥታ ጨጓራዋ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ነው። ይህ ቀጠሮ ቢያመልጠን ቀጣዩ መቼ እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም።

የቀጠሮው ወረቀት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብም መጠጥም ክልክል ነው ይላል። ጠዋት ልደታ ኮንዶሚኒየም ከቤቷ ስወስዳት፣ «እህል ቀምሰሻል?» አልኳት።

«ኧረ ምንም!» አለች። ሆስፒታል ስንደርስ ለነርሷም ያንኑ መለሰች። ነርሷ ጻፈች።

ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለ ነጠላዋ ደረቷ ላይ እርጥብ መሆኑን አየሁ። ዝናብ የለም።

«እቴቴ፣ እኔ ሳልመጣ የት ነበርሽ?»

«የት እሆናለሁ፣ ማርያም ነዋ።»

«ጸበል ጠጣሽ?»

«ሳልጠጣ ልምጣልህ?»

«ስንት ሰዓት ላይ? ምን ያህል?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። አንድ ጣሳ። ፖሊስ ሆንክብኝ እኮ!»

«ምንም አልቀመስኩም አላልሽም?»

«ጸበል ራሱ የሚጠጣው በባዶ ሆድ አይደል? ባዶ ሆዴን ነኝ።»

ልነግራቸው ስነሳ እጅጌዬን ያዘችኝ። «ተው፣ ይመልሱኛል! ዝም በል።»

ሊመልሷት እንደሚችሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ነገርኳቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። አልተቆጣም። «እማማ፣ ቧንቧዎ ስለጠበበ የጠጡት ሳይወርድ መንገድ ላይ ይቆያል። ማደንዘዣ ሰጥተን ስናስተኛዎ ወደ ሳንባዎ ሊገባ ይችላል። ሌላ ቀን ብናደርገው…»

«ሌላ ቀን የለኝም» አለችው። «እስከ ስንት ሰዓት ልቆይ?»

«እስከ ስምንት ሰዓት። ያኔም ክፍሉ ከተለቀቀ ነው።»

«ሁዳዴን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምቆይ ሴትዮ በስምንት ሰዓት ታስፈራሩኛላችሁ?»

ነርሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

እቴቴ ከዚያ ወንበር አልተነሳችም። ቤት ሄደሽ ትንሽ ጋደም በይ ብላት፣ «ቦታዬን ለማን ልልቀቅ?» አለች። ነርሷ ሁለት ጊዜ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ አራሰችላት። ቀትር ላይ እቴቴ ፊቷን ወደ እኔ ሳትመልስ፣ «አንተ ግን አሳባቂ ነህ» አለችኝ።

ክፍሉ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ተለቀቀ። በእግሯ ገባች። አርባ ደቂቃ ፈጀ። በማግስቱ በቱቦው የመጀመሪያውን ምግብ፣ የተጠለለ ቀጭን አጥሚት፣ ነርሷ እያሳየችኝ እኔ ሰጠኋት። እቴቴ ዓይኗን ከስሪንጁ ላይ አልነቀለችም።

ጥፋቱን ለእሷ አልሰጥም። ወረቀቱ መጠጥም እያለ «እህል» ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ዛሬ በሽተኛ ለእንዲህ ያለ ሕክምና የሚያቀርብ ሰው ሲያማክረኝ፣ ጸበሉን በስሙ ጠይቁ እላለሁ።

እቴቴ ቱቦው በገባላት በአራተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ የመጀመሪያውን ኬሞ ጀመረች።