ሣጥኑና ጎታዬ

ሰኔ አልፎ ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ቀረ። የመንደሩ ሰው ዓይን ጓሮዬ ላይ አረፈ።

ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ቤቴ ጓሮ፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያዳምጥ መሣሪያ በሣጥን ቀብረው ሄደዋል። እስኪመለሱ አላስነካም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።

«ዝናቡን የያዘው እሱ ነው» ተባለ። ቀጥሎ «ገንዘብ በልታበታለች» ተባለ።

አንድ ጠዋት የእድራችን ዳኛ ዶማ የያዙ ወንዶች አስከትሎ መጣ። እኩያዬ ነው፤ አብረን ነው ያደግነው።

«እታለም፣ ወይ ሣጥኑ ይውጣ፣ ወይ አንቺ ከእድሩ ትወጫለሽ።»

ብቻዬን ነው የምኖረው። እድር ካገለለኝ ሬሳዬን የሚያነሳ የለም።

«እትዬ፣ ደመናውን ቆልፈውበት ቁልፉን መቀነትዎ ውስጥ ቋጥረዋል አሉ» አለ አንድ ጎረምሳ። ሳቁ።

የተነገረኝን ነገርኳቸው። ሩቅ አገር ምድር ሲናወጥ ሞገዱ በምድር ውስጥ ተጉዞ ከእግራችን ሥር ይወጣል። የታችኛው ዐለት ከላይኛው በሚለይበት ቦታ ከፊሉ ጠባዩን ይቀይርና ከዋናው ዘግይቶ ይደርሳል። በመዘግየቱ መጠን የላይኛውን ዐለት ውፍረት ያሰላሉ።

«ሳይቆፍሩ?» አለ ዳኛው።

«ጎታ ስታንኳኳ እህሉ የት ድረስ እንዳለ ታውቅ የለም? እንደዚያ ነው። ከሰማይ ጋር ምን አገናኘው?»

ወዲያው ጸጸተኝ። ዳኛው እሱም የያዘውን ዶማ ለጎረምሳው ሰጥቶ ወደ ቤቴ ገባ።

«ተው፣ ወንድምዓለም» አልሁ ተከትዬው። አልሰማኝም። ጎታዬን ከአፉ ጀምሮ ቁልቁል እያንኳኳ ወረደ። ከላይ ባዶ። ከመሐል ባዶ። ጎንበስ ብሎ ከታች አንኳኳ፤ ያው ድምፅ። እንዳጎነበሰ ጠየቀኝ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከፋሲካ።»

«ለሣጥኑ ምን ከፈሉሽ?»

«አጥሩን አጠሩልኝ። ሌላ የለም።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ለሰው እንዳታወራ» ብቻ አልሁት።

ስንወጣ ሰዎቹ ሣጥኑ የተቀበረበትን ቦታ ከበው ቆመው ነበር። አንደኛው ዶማውን አንሥቷል።

«አውርድ!» አለው ዳኛው። «ይህች ሴት ምንም አልበላችበትም። ሣጥኑም ይቆይ፣ እሷም በእድሯ ትቆይ።»

«ምን አይተው ነው?»

«አንኳኩቼ ሰማሁ። በቃ።»

እያጉረመረሙ ሄዱ። ሰማዩ እንደጠራ ነበር።

በማግስቱ በሬን ስከፍት ግማሽ ጆንያ ጤፍ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁም። ጎታው ውስጥ ገለበጥሁትና ከታች አንኳኳሁ። ድምፁ ወፍሯል።